አህያዋ እውነቷን ነበር

«ዱርቤቴ» የሚለውን የጎጃም ከተማ ስም ለሁለት ሰንጥቆ የሚያይ ሰው «ዱር»ን እና «ቤቴ»ን ያገኛል። ስሙን ያነሳሁት እንዴት እንደወጣ ለመከራከር አይደለም፤ የአገሩ ትዝታ ሁልጊዜ አፉን የሚፈታው በዱሩ ስለሆነ ነው። ስለ አቸፈር፣ ስለ ሜጫ፣ ወደ ደቡብ ወረድ ብሎም ስለ ቡሬና ስለ ፍኖተ ሰላም የድሮ መልክ ጨዋታ በተነሳ ቁጥር ዋርካው ይቀድማል፤ ዋንዛው፣ ብሳናው፣ የደብሩ ጥድ ይከተላሉ። ከዛፉ ሲወረድ አደይ አበባ አለች፤ መስከረም በጠባ ቁጥር የማይዘፍንላት የለም። ከአደይ እግር ሥር፣ ከቁርጭምጭሚት ብዙም ከፍ ሳይል መስኩን እንደ ስጋጃ ሸፍኖ ነጭና ሐምራዊ የሚያብበው ግን ከጨዋታው ቀርቷል። ማገጥ ነው። ይህ ጽሑፍ የማገጥ መስክ ትዝታ ነው፤ ክርክርም አለው። ያ ስጋጃ የወቅቱ ስጦታ ብቻ አልነበረም፤ ተሠርቶ የተገኘ ነበር። ሠራተኛዋም ላም ነበረች። ይህን የዘነጋ ሰው ዛሬ ፀሐይ በሚመታው ግቢው ውስጥ ያንኑ ስጋጃ ላንጥፍ ቢል ድካሙ ሁሉ ረጅም ሣር አብቅሎ ይቀራል።

ማገጥን ለማየት መንበርከክ ያስፈልጋል። ቅጠሏ ሦስት ሦስት ሆኖ ከአንዲት ቀጭን አገዳ ጫፍ ይወጣል፤ በአንዳንዱ ዘር ቅጠል ላይ በነጭ ብዕር የተሰመረ የሚመስል ማዕዘን አለ። አበባ የምንላት ድቡልቡል ራስ የብዙ ትንንሽ አበቦች ማኅበር ናት። ንብ የጎበኘችው ትንሽ አበባ አንገቱን ደፍቶ ወደ ታች ይዘነበላል፤ ያልተጎበኘው ቀና ብሎ ተራውን ይጠብቃል። ስለዚህ ጥቅምት ላይ አንዲቱ ራስ ከላይ ነጭ፣ ከወገቧ በታች ቡናማ ቀሚስ የለበሰች ሆና ትገኛለች። ሥሯን በጥንቃቄ ነቅሎ አፈሩን ላራገፈ ሰው ደግሞ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ እንክብሎች ይታያሉ፤ በጥፍር ሲሰነጠቁ ውስጣቸው ቀላ ካለ በውስጣቸው ያደሩት ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጅን እየያዙ ለተክሏ እየመገቡ ናቸው ማለት ነው። የማገጥ ወገን በዓለም ላይ ብዙ ነው። የኢትዮጵያ ደጋ ብቻውን ወደ 30 የሚጠጉ የራሱ ዝርያዎች አሉት፤ ጥቂቶቹ ከዚህ አገር ሌላ የትም አይገኙም። ገሚሶቹ የአንድ ክረምት እንግዶች ናቸው፤ በክረምት በቅለው፣ አብበው፣ ዘር ጥለው ይሞታሉ። ሌሎቹ ግን ሥር ሰድደው፣ መሬት ለመሬት እየተሳቡ ለዓመታት የሚኖሩ ናቸው። ከነዚህ አንዷ፣ ሳይንሱ ትራይፎሊየም ሰሚፓይሎሰም የሚላት፣ በውጭ «የኬንያ ነጭ ማገጥ» እየተባለች ትታወቃለች፤ አውስትራሊያውያን «ሳፋሪ» የሚል ስም ሰጥተው ለግጦሽ ይዘሯታል። እኛ ደግሞ «ማገጠ» የሚለውን ግስ የምናውቀው በትዳሩ ላይ ለሚወሰልት ሰው ነው። የስሙ መገጣጠም የአጋጣሚ ይመስለኛል፤ እንደ ማገጥ ከመሬቱ የማይለይ ታማኝ ተክል ስንት አለ?

ስለ ወቅቱ አንድ ነገር ማጥራት አለብኝ። በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ወቅት መጸው ነው፤ ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ነው። አበባውን አይተን መስከረምን ጸደይ ማለት ስለለመድን ከዚህ በኋላ የሚያርመን አይኖርም፤ እኔም አልደክምበትም። ለጉዳያችን የሚበጀው ሌላው የሊቃውንት ስም ነው፤ ዘመነ ጽጌ፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5፣ ልክ 40 ቀን። የማገጥ መስክ ደምቆ የሚታየውም በዚያው ሰሞን ነው። ይህ ለአትክልተኛ ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ ምክንያቱም «መሬት የሚሸፍኑ፣ በጸደይ የሚያብቡ» ተብለው በውጭ መጻሕፍት የሚሞገሱት ተክሎች የሚነቁት በሌላ ደወል ነው። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ሚያዝያ ላይ ከየቤቱ ደጅ ዳገት ዳገቱን እንደ ምንጣፍ ተዘርግቶ የሚያዩት ሮዝ አበባ ፍሎክስ ነው፤ የዚያው የምሥራቅ አሜሪካ ተወላጅ ነው። ጃፓኖች ቺቺቡ በምትባል ከተማ አንድ ሙሉ ኮረብታ አልብሰውታል። ፍሎክስ በደንብ የሚያብበው ግን የወራት ብርድ ካለፈበት በኋላ ነው። ዱርቤቴ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ላይ ብትሆንም ውሃ የሚያረጋ ክረምት የላትም፤ ረጅሙ ቀኗና አጭሩ ቀኗም ልዩነታቸው ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥም። እዚህ አበባን የሚቀሰቅሰው ዝናብ መጥቶ መሄዱ ነው። ስለዚህ የፍሎክስን ዘር ማስመጣት ከደወሉ ርቆ ሰዓቱን መጠበቅ ነው፤ ማገጥ ግን የአገሩን ደወል ታውቃለች።

ዝናቡ ደወሉን ይደውል እንጂ ስጋጃውን አያነጥፍም። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» ሲባል ሁላችንም በአህያዋ ራስ ወዳድነት ስቀን እናልፋለን። በዕፅዋት ዓይን ሲታይ ግን አህያዋ ከግማሽ በላይ እውነት ተናግራለች። ሰርዶም ሆነ ማገጥ ጥላ አይወዱም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ውሃውም ሙቀቱም በበቂ ሲገኝ፣ ከጎናቸው ያለው ረጅም ሣር በሳምንታት ውስጥ ወገብ ይደርሳል፤ ካልተበላ ወይም ካልታጨደ ከሥሩ ያለውን ሁሉ ያጨልማል። ላም ስትግጥ ሣሩን በምላሷ ጠቅልላ ትጎትታለች፤ ስለዚህ የሚቀነጠሰው ቀጥ ብሎ የቆመው ነው። ማገጥ ግንዷን መሬት ላይ አስተኝታ የምትሄድ በመሆኗ ቅጠሏን ብታጣ እንኳ ቡቃያዋ ከምላሱ በታች ይተርፋል። በግና ፈረስ ወደ መሬቱ ይበልጥ ይጠጋሉ፤ እነሱም ቢሆኑ የሚጎዱት ረጅሙን ነው። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመው ዝነኛ መጽሐፉ ውስጥ ይህን በአንዲት ጠባብ ቦታ አሳይቷል፤ ሦስት ጫማ በአራት ጫማ የሆነች፣ ዘወትር የምትታጨድ መስክ ላይ 20 ዓይነት ተክል ነበር፤ እንዲሁ እንዲያድግ ሲተው ዘጠኙ ጠፉ። ያጠፋቸው ሰው ወይም ከብት አይደለም፤ ያገኘውን ነፃነት ተጠቅሞ ያደገው ጎረቤታቸው ነው። በጎጃም መስክ ላይ ያን ጎረቤት ልክ ሲያስገቡት የኖሩት ላም፣ በግ፣ ፈረስና አህያ ናቸው፤ ከኋላቸውም አለንጋ የያዘ እረኛ አለ። የእረኛውን ድርሻ ማሳነስ አይገባም። ዛሬ ከዚህ፣ ነገ ከወዲያ ማዶ፣ ጧት ጤዛው ሳይረግፍ ማገጥ ወደበዛበት አለማስገባት የእሱ ዕውቀት ነው፤ እርጥብ ማገጥ ጠግቦ የበላ ከብት ሆዱ ይነፋልና።

ለአሮጌው መስክ የጽሑፍ ምስክር አለ፤ ያውም ከምዕራብ ጎጃም እምብርት፣ ከሰከላ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የዓባይ ምንጭ ካለበት ከግሽ ዓባይ የደረሰው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 1770፣ በእኛ ጥቅምት ማብቂያ፣ ዘመነ ጽጌ ሳይወጣ ነው። ከእሱ 150 ዓመት ገደማ ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ስፔናዊው ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ እዚያው ቆሞ ነበር፤ ብሩስ ይህን ለማመን ቢተናነቀውም። ብሩስ ከኮረብታው ሮጦ ወርዶ ያገኘውን ሲጽፍ የሚያነሳው በለምለም ሣር የተሸፈነ፣ መሠዊያ የመሰለ ጉብታና በዙሪያው ያለውን ረግረግ ነው። ምንጩ ያለበት ቦታ ጨፌ ነውና ከዚህ ተነስቶ አቸፈር ሁሉ እንዲህ ነበር ማለት አይቻልም። የሚቻለው ይህ ነው፤ የአገሩ ሰው እንደ ቅዱስ የሚያከብረው፣ መንገደኛው ዕድሜውን ሙሉ የተመኘው ቦታ ወለሉ ዱር አልነበረም፣ መስክ ነበር። መስክ ሆኖ የቆየውም ከብት የሚግጥበት አገር በመሆኑ ይመስለኛል። የትዝታችን ዓይን ወደ ላይ ያንጋጠጠ ስለሆነ ይህን አያስተውልም። ዛፉ ቤተ ክርስቲያን ጠባቂ ሆናለት፣ ዛሬም በጎጃም ገላጣ መካከል እንደ ደሴት የቆመ የደብር ደን ሞልቷል። መስኩ ግን ጠባቂው ከብቱና የመንደሩ ስምምነት ብቻ ነበር፤ ሁለቱ ሲለወጡ የሚከራከርለት አላገኘም።

እንዴት ተለወጡ? ባሕር ዛፍ በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ጊዜ ወደ አገር ገባ፤ ሜጫና አቸፈር ውስጥ ከጓሮ ወጥቶ ማሳውን የያዘው ግን በቅርብ ዘመን ነው። ሲረግፍ የሚከምረው ቅጠልና ጥላው ከሥሩ ማገጥ አያስተርፍም። ወደ አዊ ሲሻገሩ፣ በተለይ ፋግታ ለኮማ ላይ፣ ዲከረንስ የሚሉት የውጭ ግራር ለከሰል ተብሎ ኮረብታውን ለብሷል። መራዊ አጠገብ ቆጋ ላይ ወደ 7000 ሄክታር የሚያለማ መስኖ ተሠራ፤ ጠቃሚ ሥራ ነው፤ ውሃው የተኛበት ግን ቀድሞ እርሻና ግጦሽ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ዩሪያን ነው። ቡሬ፣ ወንበርማ፣ ደቡብ አቸፈር የበቆሎ አገር ናቸው፤ ማዳበሪያ ከማሳው ጠርዝ አልፎ ወደ ድንበሩና ወደ መስኩ ይታጠባል። እንግሊዝ ውስጥ ሮትሃምስቴድ በተባለ የምርምር ጣቢያ አንድ የሣር መስክ ከ1856 ጀምሮ፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ ተከፋፍሎ ልዩ ልዩ ማዳበሪያ ሲሰጠው ኖሯል። ምንም ያልተሰጠው ክፍል ዛሬም በደርዘን በሚቆጠሩ ዓይነቶች የተሞላ ነው። ናይትሮጅን ብቻ እየጠጣ የኖረውና አፈሩ የኮመጠጠው ክፍል ሁለት ሦስት ዓይነት ሣር ብቻ ቀርቶበታል። ፎስፈረስና ፖታሽ ብቻ በተሰጠው ክፍል ግን የማገጥ ወገኖች ደምቀው ይታያሉ። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ማገጥ ናይትሮጅኗን ራሷ ስለምታዘጋጅ ድሃ አፈር ላይ ትበልጣለች። ዩሪያ ሲመጣ ብልጫዋን ለሣሩ ይሰጥባታል።

እዚህ ላይ የሚነሳው መከራከሪያ ከባድ ነው። «ከብቱ አይደለም እንዴ መስኩን ያራቆተው? ቦረቦሩን የከፈተው የከብት ኮቴ አይደለም እንዴ? ስንቱ ተራራ ከልቅ ግጦሽ ተከልሎ፣ ከብቱ ቤት ታስሮ እየተቀለበ ነው ዳግም ያገገመው!» እውነት ነው፤ አልክድም። ተዳፋት ላይ ያለ፣ አፈሩ የተገለጠ ቦታ ከመከለል ሌላ መድኃኒት የለውም፤ ይህን በዓይናቸው ያዩ የጎጃም ገበሬዎች እማኝነት ከማንም ጽሑፍ ይበልጣል። የኔ ክርክር ግን ላም እንደልቧ ትሁን የሚል አይደለም። ከልክ ያለፈ ጥርስና ፈጽሞ የታጣ ጥርስ ሁለቱም ማገጥን ይገድሏታል፤ የመጀመሪያው ነቅሎ፣ ሁለተኛው አጨልሞ። የተከለለው ቦታ በመጀመሪያው ዓመት ሣር፣ ጥቂት ቆይቶ ቁጥቋጦ፣ ቀጥሎ ዛፍ ይሆናል፤ ለአፈሩ በጎ ነው፤ የዘመነ ጽጌው ስጋጃ ግን ከዚያ ውስጥ የለም። በመካከል ያለውን መንገድ አገራችን ከማንም በፊት ታውቀው ነበር። መንዝ ጓሳ ላይ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋው ቦታ ለብዙ ትውልድ የተጠበቀው ቄሮ በሚባል ሥርዓት ነው፤ አባ ቄራ የሚመራው ይህ ሥርዓት ቦታውን ለዓመታት ዘግቶ፣ ጊዜው ሲደርስ ለአጨዳና ለግጦሽ ይከፍተው ነበር። የ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ ከርስቱ ጋር ሥርዓቱንም አፈረሰው። ጓሳ ከማገጥ አገር ይልቅ ብርዳማ፣ ሣሩም የሚታጨድ ረጅም ሣር ነው፤ ምሳሌነቱ ለሕጉ ነው። መዝጋትና መክፈት፣ ሁለቱም በቀጠሮ።

ሌላው መከራከሪያ ወደ ትዝታው ራሱ ያነጣጠረ ነው። «ትዝታ ያስውባል፤ አደይ ዛሬም ታብባለች፤ ምን ጎደለ?» መልሱ ከአደይ ጠባይ ውስጥ ይገኛል። አደይ የአንድ ዓመት ተክል ናት። ሞታ ከዘሯ ስለምትነሳ የተቆፈረ መሬት፣ የማሳ ጠርዝ፣ የመንገድ ዳር ይስማማታል፤ እርሻ በሰፋ ቁጥር ጠርዙ ይበዛላታል እንጂ አይጎድልባትም። ለዓመታት በአንድ ቦታ የሚኖረው የመስክ ተክል ግን አንድ ጊዜ በማረሻ ከተገለበጠ በቀላሉ አይመለስም። ስለዚህ አደይን አይቶ መስኩ ደህና ነው ማለት የአጥሩን አበባ አይቶ ቤቱ አልፈረሰም እንደማለት ነው። ጎጃም ለዚህ የራሷ ምስክር አላት፤ እንግጫ። በዘመን መለወጫ ዋዜማ ልጃገረዶች ተሰብስበው፣ እየዘፈኑ እንግጫ ይነቅላሉ፤ ከአደይ ጋር ጎንጉነው ከቤቱ ምሰሶ ያስሩታል። በዚያች ጉንጉን ውስጥ ሁለቱ ዓይነት ዕፅዋት ተጋምደዋል፤ ቢጫዋ የእርሻው ጠርዝ ናት፣ አረንጓዴው የመስኩ ነው። እንግጫን ከነሥሩ ለመምዘዝ ክረምት ያራሰው፣ ማረሻ ያልነካው መሬት ያስፈልጋል። በዓሉን ስንዘግብ ዘፈኑንና ልብሱን እናነሳለን፤ ልጃገረዶቹ የሚነቅሉበት መስክ ስንት ቀረ ብሎ የሚጠይቅ ግን አልሰማሁም። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም ሲጀመር በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ታውጇል። የሚቆጠረው የቆመው ነው። የተኛውን ማን ይቁጠር?

ሦስተኛውን መከራከሪያ በአጭሩ ልለፈው፤ መሬት በጠበበበት አገር አበባ ቅንጦት ነው የሚለውን። ለማሳ ይሁን። የከተማ ግቢ ግን፣ ዱርቤቴም ፍኖተ ሰላምም፣ ፀሐይ የሚመታው ባዶ ደጅ አያጣም፤ ክረምት ጭቃ፣ በጋ አቧራ የሚሆን። ማገጥ ያን ደጅ ስትሸፍን አፈር ትይዛለች፣ ንብ ትመግባለች፣ ታጭዳም ለበግ ትሆናለች። ውሃ የሚያጠጣት ሰው አትቀጥርም፤ ለዓመታት የምትኖረው ዓይነት ሥሯ ጠልቆ ስለሚሄድ በጋ ላይ ቅጠሏ ቢከስል እንኳ ዝናብ ሲጥል ታቆጠቁጣለች። ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ካልሆነ አልፈልግም ለሚል ሰው ግን መልስ የለኝም፤ እሱ ቧንቧና ሂሳቡን ይወዳጅ።

የአሠራሩ ነገር ከላይ ካልነው ሁሉ በቀጥታ ይከተላል። ጊዜው ሐምሌ፣ መሬቱ የራሰ፤ ቦታው ከባሕር ዛፍ ጥላ የራቀ። ከአሮጌ መስክ ወይም ከመንገድ ዳር መዳፍ የምታህል ጉብ ከነአፈሯ በአካፋ ተነስታ ትመጣለች፤ አንድ ቦታ እንዳይራቆት ከእዚህም ከእዚያም። አፈሩ አብሮ መምጣቱ ግድ ነው፤ የአፍሪካ ማገጦች ከአውሮፓ ማገጥ ባክቴሪያ ጋር አይስማሙም፣ የሚያውቃቸው ባክቴሪያ ያለው በኖሩበት አፈር ውስጥ ነው። በዘር የሚሞክር ሰው ደግሞ ዘሩ ቅርፊቱ ጠንካራ መሆኑን ይወቅ፤ በአሸዋ ሳይታሽ ከተዘራ ገሚሱ ዓመት ሙሉ ተኝቶ ይቀራል። የምዕራብ ጎጃም ቀይ አፈር ኮምጣጣ ነው፤ ኖራ ካልተገኘ የምድጃ አመድ በስሱ ይነሰነስበታል፤ ኮምጣጣነቱን ያበርዳል፣ ፎስፈረስና ፖታሽም አለበት፤ ሮትሃምስቴድ ብዙ ዘመን የፈጀችበትን ነገር ምድጃው በነፃ ይሰጣል። ዩሪያ ወደ ግቢው አይግባ። ከዚያ የላሟ ተራ ነው፤ ላም በሌለበት የማጭድ። ሣሩ ከጉልበት በታች ሳለ እስከ ጡጫ ከፍታ ይታጨዳል፤ ሐምሌ ላይ አንዴ፣ ነሐሴ አጋማሽ ላይ አንዴ፣ ያጨዱትም እዚያው አይተውም፣ ይነሳል። በግ ያለው ሰው በገመድ አስሮ ቦታ እያቀያየረ ቢያውላት ከማጭዱ ትሻላለች። ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ ማጭዱም በጓም ይታቀባሉ፤ እንቡጡ ከቅጠሉ በላይ ብቅ የሚለው ያኔ ነው። ኅዳር 5 አልፎ ራሶቹ ሁሉ ቡናማ ቀሚሳቸውን እስከ አናታቸው ሲለብሱ፣ አንዷን ቀንጥሶ መዳፍ ላይ ማሸት ነው፤ ዘሩ ጠጥሮ ከረገፈ በጓ መግባት ትችላለች።